ትልም የሚቆጥረው ልጅ

ልጄ፣ መምህር ሆነህ ወደ ገጠር ልትወርድ ነው። የምትመደብበትን ቀበሌ ገና አታውቀውም፤ እኔም አላውቀውም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርህ። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገፋ ልጅ ያለበት ቤት እዚያም ታገኛለህ። ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም። ሰው ዓይን ውስጥ አያይም። አንድ ቃል ይዞ ቀኑን ሙሉ ይደጋግማል፤ ወይም ጨርሶ አይናገርም። የጠርሙስ ክዳን ያሽከረክራል፣ ጠጠር ይደረድራል፤ የደረደረውን የነካበት ሰው ካለ ጩኸቱ ሰፈሩን ያዳርሳል። እናቱ ከሠርግም፣ ከለቅሶም፣ ከማኅበርም ከቀረች ቆይታለች።

«እኔ ሐኪም አይደለሁ፤ ቀበሌው ውስጥ ማዕከል የለ፤ ገንዘብ የለ። ምን ላደርግ እችላለሁ?» ትል ይሆናል። እንዲህ ማለትህ አያስወቅስህም። ግን ከማለትህ በፊት አንድ የቆየ ታሪክ አድምጠኝ። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግርህ፤ ታሪኩ የእነሱ አገር ነውና።

ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች አንዷ በሆነችው በሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዶናልድ ትሪፕሌት በ1933 እዚያ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ የእናቱ ቤተሰብ የከተማዋ ባንክ ባለቤት ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከዳዊት መዝሙር አንዱን በሙሉ በቃሉ ይወጣ ነበር። አባቱ ከሥራ ሲገቡ ግን ቀና ብሎ አያይም። የሚያሽከረክረው ነገር ካገኘ ዓለሙ እሱ ነው፤ ከእጁ የወሰደበት ሰው ግን ወዮለት።

ወላጆቹ ገንዘብ ስለነበራቸው ሐኪም አማከሩ። ከቤት ይራቅ ተባሉ። በ1937፣ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው፣ ራቅ ያለ የሕፃናት ተቋም ውስጥ አስገቡት። ልጁ እዚያ ከሰውነት ተራ ወጣ። ምንም ነገር ሳያይ፣ ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ልጅ ሆነ። ዝም ማለቱ ለተቋሙ ሰዎች እንደ መሻል ታያቸው። እዚያ ከገባ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወላጆቹ ሊወስዱት ሄዱ። ኃላፊው «አሁን ደህና እየሆነ ነው፣ ተዉት» አሉ። ወላጆቹ ግን አልሰሙም፤ ይዘውት ተመለሱ።

እዚህ ላይ ቆም በል። ኃላፊው ዓመቱን ሙሉ ስለ ልጁ ያዩትን እንዲጽፉ ሲጠየቁ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ ነው የሰጡት፤ የዕጢ በሽታ ሊሆን ይችላል የሚል። አባትየው ደግሞ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለነበሩት የሕፃናት አእምሮ ሐኪም ለሊዮ ካነር የልጃቸውን ነገር ሲያስረዱ 33 ገጽ ጻፉ። ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ የትኛውን ቃል እንደሚደጋግም፣ ሁሉንም። ካነር በ1943 ኦቲዝምን ለዓለም ያስተዋወቀውን ጽሑፋቸውን ሲያወጡ ከአሥራ አንዱ ልጆች መጀመሪያ ያስቀመጡት ዶናልድን ነው። የአባትየው ደብዳቤ ለዚያ ጽሑፍ ትልቅ መነሻ ሆኗል። ስለዚህ አንዲት ያልተማረች እናት ስለ ልጇ ልታወራህ ስትጀምር ሰዓትህን አትይ። ስለዚያ ልጅ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አታገኝም።

ካነር ለዶናልድ መድኃኒት አልነበራቸውም። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት ዛሬም የለም። ልጁ ቤት ገባ፣ ትምህርት ቤት ተሞከረ፣ ነገሩ ሁሉ ከበደ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው፣ በ1942፣ ከከተማዋ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚኖሩ ባልና ሚስት ገበሬዎች ዘንድ እንዲኖር ተደረገ። እነዚህ ሰዎች ልጅ አልወለዱም። የአእምሮ ሕክምና አልተማሩም። ኦቲዝም የሚባለው ቃልም ገና ከሐኪሞች መጽሔት አልወጣም ነበር።

ካነር በ1945 ሊጠይቁት ወደ እርሻው ወረዱ። ያዩትን በኋላ ጽፈውታል፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የገበሬዎቹ ብልሃት ነበር ያስገረማቸው።

ልጁ ያገኘውን ሁሉ ካልለካሁ ይላል። ገበሬዎቹ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈሩት፤ ጥልቀቱን እየለካ እንዲነግራቸውም አደረጉ። ልጁ የሞተ ወፍና ነፍሳት እየለቀመ ያጠራቅማል። ከግቢው ጥግ መቃብር የሚሆን ቦታ ለዩለት። ልጁም ለእያንዳንዱ ምልክት እየተከለ ስም ይጽፍለታል፤ መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የእንስሳው ዓይነት፣ መጨረሻ የገበሬው ቤተሰብ ስም። የተወለደበት ቀን አይታወቅም፣ የሞተበት ቀን ይህ ነው እያለ። ቀንድ አውጣ ሳይቀር በቤተሰቡ ስም ተቀብሯል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ፤ ደግሞም ያቺን ሴትዮና ያንን ሰውዬ አከብራለሁ። ስማቸውን ለቀንድ አውጣ የሚሰጥ ሰው ስንት ነው?

ሦስተኛው የበቆሎው ነገር ነው። ልጁ የበቆሎውን ትልም ደጋግሞ ይቆጥራል፤ ከቆጠረ በኋላ እንደገና ይቆጥራል። ገበሬው ማረሻውን አስያዘውና «እያረስክ ቁጠር» አለው። ካነር በሄዱበት ቀን ዶናልድ ስድስት ረጃጅም ትልም አርሶ አሳያቸው። ፈረሱን ሲነዳ፣ ጫፍ ደርሶ ሲያዞር፣ እርፉን ሲይዝ የለመደ አራሽ ይመስል ነበር። በአቅራቢያው በነበረች የገጠር ትምህርት ቤት ደግሞ ከነአመሉ ተቀበሉት። በትምህርቱም ደህና ሄደ።

የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ነው፤ አትለፈው። ገበሬው «መቁጠር ተው» ብሎ አልገረፈውም። ትልሙን ዳር ሆኖ ሲቆጥር እንዲኖርም አልተወውም። ሁለቱ መንገዶች ይቀላሉ። አንደኛው ዱላ ብቻ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ምንም አይፈልግም። ገበሬው የመረጠው ሦስተኛውን ነው፤ የልጁን አመል ቤቱ ከሚፈልገው ሥራ ጋር አጋጠመው። ዋጋው ደግሞ ትዕግሥት ነበር። ፈረስና ማረሻ ለእንዲህ ያለ ልጅ ያስያዘ ሰው ስንት ጊዜ ትልም እንደተጣመመበት፣ ስንት ቀን ሥራው እንደተጓተተበት፣ አርሶ ከሚያውቅ አባት የተወለድክ ስለሆንክ አንተው ገምት።

ልብ በል፣ ሐኪም የመከረው ተቋም ልጁን አደብዝዞታል። ያፈካው እርሻ ላይ የነበረው ነገር ነው፤ ጉድጓድ፣ ቁራጭ መሬት፣ ማረሻ። ችግረኛ ቀበሌ ውስጥ የሌለ ነገር ከእነዚህ የትኛው ነው?

ሁሉም ልጅ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ካነር ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ አሥራ አንዱ ልጆች የት እንደደረሱ ጽፈዋል። በመንግሥት ተቋማት የተዘጋባቸው ልጆች የነበራቸውን ችሎታ ሁሉ አጥተው ተገኙ፤ መግባታቸውን ካነር ከዕድሜ ልክ እስራት ጋር ነው ያመሳሰሉት። ከልጆቹ አንዱ ፈጽሞ አይናገርም ነበር። እሱም እንደ ዶናልድ እርሻ ላይ አደገ። ገበሬውን እየተከተለ የእርሻ ሥራ ለመደ፤ ሰውዬው ሲሞቱ ሚስታቸው የአረጋውያን መጦሪያ ከፈቱ፤ ልጁ እዚያው ቀርቶ አሮጊቶቹን ያግዝ ነበር። አንድ ቃል ሳይናገር ሰው ጦረ! ልጁ ስላልተናገረ ብቻ ተስፋ የቆረጠ ወላጅ ሲያጋጥምህ ይህን ንገረው።

አሁን ደግሞ የታሪኩን ሌላ ወገን ልንገርህ፤ ያማረውን ብቻ ነግሬህ ላታልልህ አልፈልግም። ዶናልድ የሀብታም ልጅ ነበር፤ ነጭም ነበር። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ጥቁሮች በሕግ ተለይተው ይኖሩ ነበር። ያው አመል ያለው የጥቁር ጭሰኛ ልጅ እዚያው ፎረስት ውስጥ ተወልዶ ቢሆን ባልቲሞር የሚያደርሰው ባልኖረ፣ እኛም ታሪኩን ባልሰማን። የእናቱ ቤተሰብ ስምም በከተማዋ ከለላ ሆኖታል። ደግሞም ዶናልድ አልዳነም፤ እስከ መጨረሻው ኦቲዝም ያለበት ሰው ነበር። ነገር ግን ኮሌጅ ጨረሰ፣ በቤተሰቡ ባንክ ሠራ፣ ጎልፍ ተጫወተ፣ ብዙ አገር ብቻውን ዞረ። በ2010 ታሪኩን ያወጡት ሁለት ጋዜጠኞች ፎረስት ሲገቡ ከአንድ በላይ የከተማዋ ሰው «ዶንን ብትጎዱት ወዮላችሁ» በሚል መንፈስ አስጠንቅቋቸዋል። በ2023፣ በ89 ዓመቱ፣ እዚያው ከተማው ሞተ። የቤተሰብ ስም ገንዘብ ይሰጣል እንጂ ጎረቤት ሁሉ ዘብ እንዲቆምልህ አያደርግም። ያንን ያደረገው አብሮ መኖሩ ነው። ስላልደበቁት አወቁት።

በዚያው አገር ግን ትልቅ በደልም ተፈጽሟል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ሐኪሞች ኦቲዝም የሚመጣው እናት ለልጇ ፍቅር ስትነፍገው ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። ካነር ራሳቸው ቀደም ብለው የወላጆቹን ቅዝቃዜ እያነሱ ለዚህ በር ከፍተው ነበር። ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባል ሰው በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አገነነው። ስንት እናት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጥፋተኛ ተብላ ተመለሰች! ይህን የተቃወመው ራሱ የእንዲህ ያለ ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ፣ ነገሩ ከአንጎል አሠራር እንጂ ከአስተዳደግ እንዳልሆነ ተከራከረ። ካነርም በ1969 በወላጆች ጉባኤ ላይ ቆመው ወላጆችን ነፃ አወጡ።

በኛ ዘንድ ደግሞ እናቲቱ የምትከሰሰው በእርግማን፣ በቡዳ፣ በልክፍት፣ ወይም እርጉዝ ሳለች አደረገች በተባለው ነገር ነው። እዚያ በሳይንስ ስም፣ እዚህ በባህል ስም፣ ፍርዱ አንድ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ከዚያ አባት ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፤ እሷ ከነልጇ ትቀራለች። ጠበል ልትወስደው ብትፈልግ አትከልክላት፤ እምነቷ የምትደገፍበት ነው። ነገር ግን «ልጅሽ እንዲህ የሆነው በአንቺ ጥፋት አይደለም» የሚል አንድ ሰው በዚያ ቀበሌ ከሌለ፣ አንተ ሁንላት። ካህኑም እንዲነግሯት ለምናቸው፤ ከአንተ ይልቅ የሳቸው ቃል ሊያሳርፋት ይችላል።

በአገራችን ወ/ሮ ዘሚ የኑስን ሳታውቅ አትቀርም። ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ግን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጡ፤ ተቀብሎም የሚያቆይ አልተገኘም። ያኔ ሁለት መንገድ ነበራቸው። ልጃቸውን ይዘው አሜሪካ መመለስ ይችሉ ነበር፤ እዚያ ለእንዲህ ያለ ልጅ በሕግ የተደነገገ ትምህርት አለ። እሳቸው ግን እዚሁ ቀርተው በእኛ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ኒያ ፋውንዴሽንን፣ በሱም ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በጥቂት ልጆች መሠረቱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? እሳቸው የልጃቸውን ነገር በአደባባይ በመናገራቸው ሌሎች እናቶች የደበቋቸውን ልጆች ይዘው ብቅ አሉ። የተራ ጠባቂው ብዛት ማዕከሉ ከሚችለው በላይ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ኮቪድ ወሰዳቸው። ሥራቸው አላለቀም፤ አገልግሎቱ ዛሬም በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ነው። ያንተ ቀበሌ እናት ያንን ማዕከል ተራ ብትጠብቅ ልጇ ጢም ያወጣል።

እዚያው ቀበሌ ያለውን እንይ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት የሚሄዱ ናቸው፤ የተደበቀውን ልጅ ከአንተ ቀድመው ያውቁታል። እነሱን ያዝ። በመጀመሪያ ልጁ ይሰማ እንደሆነ ይታይ፤ የማይናገር ልጅ ሁሉ ኦቲዝም የለበትም፣ መስማት የተሳነውም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሚጥል በሽታ ይኖርበት እንደሆነ ይጠየቅ፤ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የሚጥል በሽታ አዘውትሮ ይታያል፤ ለሱ ደግሞ መድኃኒት አለው። ልክፍት ነው ተብሎ መድኃኒት ሳይወስድ እሳት ላይ የወደቀ ልጅ በየአገሩ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅትም ለወላጆች የሚሆን ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው። በኛ አገር በከተማም በገጠርም ተሞክሯል። የሚሰጡት ሰዎች ልዩ ሐኪሞች እንዲሆኑ አይጠበቅም። ምን ያስተምራል ብለህ ብትጠይቅ፣ ልጁ የሚወደውን ነገር ተከትለህ አጠገቡ ተቀመጥ፣ በየቀኑ የቤት ሥራ ውስጥ አስገባው፣ ሥራውን ወደ ትንንሽ እርምጃ ከፋፍለህ አሳየው ይላል። ያ ገበሬ ማንም ሳያስተምረው በበቆሎው ማሳ ያደረገው ይኸው ነው።

ልጅ ስለሚታሰርበት ገመድ ደግሞ ልንገርህ። ምናልባት ልጁን ታስሮ ታገኘዋለህ። ደምህ ይፈላል፤ ይፍላ። ግን እናቲቱን ከመገሠጽህ በፊት ለምን እንዳሰረችው ጠይቃት። ወንዝ አለ፣ የመኪና መንገድ አለ፣ እሳት አለ፤ እሷ ደግሞ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ገበያ መውጣት አለባት። ብቻዋን ናት። ገመዱን የሚተካ ነገር ሳትይዝ «ፍቺው» ብትላት አዝነህ አልሄድክም፣ ፈርደህ ሄድክ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እድሩ ሬሳ ሲወጣ ተራ አውጥቶ ድንኳን ይተክላል፤ ለአንዲት እናት በገበያ ቀን ልጇን የሚያይላት ሰው ተራ ማውጣት ያቅተዋል? ሽማግሌዎቹን ጠይቅ። መጀመሪያ ይስቁብህ ይሆናል።

ትምህርት ቤትህ ውስጥ ደግሞ የበቆሎህን ትልም ፈልግ። ሰዓት ማየት የሚወድ ልጅ ከሆነ ደወሉን እሱ ይደውል፤ በደቂቃ አያሳልፍም። ውሃ የሚወድ ከሆነ ችግኙን ያጠጣ። መደርደር የሚወድ ከሆነ ደብተሮቹን እሱ ይሰብስብ፣ መጻሕፍቱን በመደርደሪያው ያስተካክል። ጩኸት ካስጨነቀው ከክፍሉ ጥግ ጸጥ ያለ ቦታ ስጠው። ሌሎቹ ልጆች ይሾፉበታል፤ ያን ጊዜ የምታደርገውን ነገር ሁሉም ያያሉና ተጠንቀቅ። አንተ ከተቆጣህበት እነሱ ይወግሩታል።

ዋጋ አለው፤ አልደብቅህም። ክፍልህ ውስጥ ስድሳ ልጅ ሊኖር ይችላል። ያለ እሱም ድካሙ ይበቃህ ነበር። «ለአንዱ ብለህ የሌሎቹን ጊዜ ትበላለህ» የሚል ባልደረባ አታጣም፤ ነገሩም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ለእናቱም «በዓመቱ መጨረሻ ይናገራል» ብለህ ተስፋ እንዳትሰጣት። ላይናገር ይችላል። የምታየው ለውጥ ትንሽ ነው፤ አንድ ቀን ሳይጮህ ይውላል፣ አንድ ቀን እጅህን ይዞ ወደ ደወሉ ይጎትትሃል። ከዚያ ክረምት መጥቶ ትምህርት ሲዘጋ የተማረው ነገር ከፊሉ ይጠፋበታል፤ መስከረም ላይ እንደገና ትጀምራለህ።

ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። እናቲቱ ራሷ አትመጣም፤ ከዚህ በፊት ከበር ተመልሳ ይሆናል። አንተ ሂድ፤ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ብትሄድ ይሻላል። ርእሰ መምህሩ «ይህን ልጅ ማን ይይዘዋል?» ማለታቸው አይቀርም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ እንዲገባ፣ እናቱም ከኋላ ወንበር እንድትቀመጥ አስፈቅድ። እንቢ ካሉ በማግሥቱ ተመልሰህ ጠይቃቸው።